ሊሙ ብዬ የጻፍኩበት ደብተር

ይህ ከደረሰብኝ ብዙ ዓመት አልፏል። በደርግ ጊዜ ነው፤ ጅማ። ዛሬም ሰው «ይህን ዘፈን ለማን ነው የጻፍሽው?» ሲለኝ ወሬ እቀይራለሁ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ እንዲህ ነኝ።

ቡና ለቃሚ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። መጻፍ እንደቻልኩ ግጥም ጀመርኩ፤ ከደብተሬ ጀርባ፣ በእርሳስ።

ያኔ ታናሽ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ይፈለግ ነበር። ሸሽቶ ሊሙ ገነት፣ በዘመዳችን የቡና ማሳ ውስጥ ተደብቋል። የቀበሌው ሊቀመንበር ሁለት ጊዜ መጥቶ ቤታችንን ፈትሿል። እኔ ደግሞ ናፍቆቴን እንዲህ ብዬ ጻፍኩት፦

ከሊሙ ቡና ሥር ተጠልለሃል አሉ፣
ዓይኖቼ በር በሩን ሲያዩ ይውላሉ።

በሊሙ ፈንታ የሌላ አገር ስም፣ «ሰቃ» ብዬ ብጽፈው ምቱ አይጎድልም ነበር። ግን እሱ ያለው ሰቃ አይደለም። በቃል ላይ እንዲህ ግትር ነኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት መምህራችን ሊያርም ደብተር ሰበሰበ። ከጀርባ ያለውን ረስቼ ሰጠሁ። ወዲያው ሊቀመንበሩ ትምህርቱን ሊጎበኝ ገባና ከላይ ያለውን ደብተር አነሳ። የእኔ ነው። ገለባበጠው፤ ከኋላ ደረሰ፤ ጮክ ብሎ አነበበው።

«ሊሙ የተጠለለው ማነው? ወንድምሽ ነዋ?»

ከፊቴ ባለው አግዳሚ ወንበር የእጮኛዬ እናት ተቀምጠዋል። ኒካችን ሊታሰር አንድ ወር ቀርቶታል።

«ውሽማዬ ነው» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «ለወንድሙ እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ማን አለ?»

ሴቶቹ ሳቁ። አብራኝ ቡና የምትለቅመው ጓደኛዬ «ያ ረቢ፣ ይቺ ዝምተኛ!» አለች። ሊቀመንበሩ «እኛ ፊደል ስናስቆጥርሽ አንቺ ውሽማ ልትጠሪበት?» ብሎ ደብተሩን ወረወረልኝ። በሩ ላይ ቆሞ አንዴ ዞር ብሎ አየኝና ወጣ።

የእጮኛዬ እናት አልሳቁም። ሻሻቸውን አስተካክለው ወጡ። በሳምንቱ ሽማግሌ ልከው ነገሩን አፈረሱ። እውነቱን ብናገር ወንድሜ ይያዛል፤ የጎደፈ ስሜን ይዤ ዝም አልኩ።

ወንድሜ ተረፈ፤ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል። እኔም ዘፈን መጻፍ አልተውኩም፤ ትዳር ግን አልያዝኩም። አይቆጨኝም ብል ውሸት ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ ያንን ግጥም ለአንዲት ዘፋኝ ስሰጣት እንኳ፣ ወንድሜን የሚፈልግ ማንም ሳይኖር፣ «ሰቃ» ብዬ ነው የሰጠኋት። መልሼ «ሊሙ» ብዬ ስጽፈው ዛሬ ገና ነው።