የገና ዶሮ ላባ

ሳን ሆዜ፣ ቤቴ ጓሮ፣ የገናውን ዶሮ የፈላ ውኃ ውስጥ ስነክረው የላባው ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ልጅነቴ ላይ ጣለኝ።

አባዬ ኦክላንድ ውስጥ አውቶቡስ ይነዳ ነበር። ብርዱ ሲገባ ግን ልቡ ሰሜን ካለው ወንዝ ዳር ነው፤ ስቲልሄድ የሚባለው ትልቅ ዓሣ ከባሕር ወደ ተወለደበት ወንዝ የሚመለሰው ያኔ ነዋ! ሌላው ሰው ዓሣውን ለማታለል ላባ የታሰረበትን መንጠቆ ከሱቅ ይገዛል። የእኛ ግን ከገና ዶሮ ነው። ዶሮው ውኃ ሳይነካው ቀዩን የአንገት ላባ እነቅላለሁ፤ አባዬ መንጠቆውን ይይዝልኛል፣ እኔ ላባውን በክር አስራለሁ።

አንድ ጠዋት፣ ጉሙ ገና ሳይገፈፍ፣ የአባዬ የማጥመጃ ዘንግ ጎበጠ። ከክንዴ የሚረዝም፣ ብር የመሰለ ዓሣ ከውኃው ዘለለ። የዱር ስቲልሄድ ወደ ቤት መውሰድ ክልክል ስለሆነ፣ አባዬ ተንበርክኮ መንጠቆውን በቀስታ አወጣለትና ለቀቀው።

«እማዬን ምን እንበላት?» አልኩት።

«ጠግበን መጣን በያት።»

ሆዴ እየጮኸ ስለነበር ነገሩ አልገባኝም።

አጠገባችን ሲያጠምዱ የነበሩ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ መንጠቆውን አዩና ከየት እንደገዛው ጠየቁት። አባዬ ደረቱን ነፍቶ፣ ወንዙ ሁሉ እስኪሰማ፣ «ልጄ ናት የሠራችው!» አለ።

ያኔ እኔም ጠገብኩ።

«ማሚ፣ ሬዶቹን ሴቭ አድርጌያቸዋለሁ» አለች ልጄ ከኋላዬ። ዞር ስል እፍኟ በቀይ ላባ ተሞልቷል፤ አንዱም አልረጠበም። ቅዳሜ ወንዝ እንወርዳለን። «ከየት ገዛችሁት?» የሚል ሰው ይምጣ ብቻ!