አልገጥም ያለው ሽፋን

ሀብትነሽ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ከመጡት የጎንደር ሰዎች አንዷ ናት። አሽቀሎን ከተቀመጠች ወዲህ ያልሞከረችው ሥራ የለም፤ ደረጃ ወልውላለች፣ አረጋውያን አጥባለች፣ ፋብሪካ ውስጥ ካርቶን አሽጋለች። ወድዳ የያዘችው ግን የአሁኑን ነው። ሚግዳል በሚባለው ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ፣ ሻሎም የሚባል ሰው ሱቅ ውስጥ የመኪና ወንበር ልብስ ትሰፋለች። ሻሎም ይለካል፣ ይቆርጣል፤ እሷ ትሰፋለች። የትኛው ይሻላል ብሎ የሚጠይቃት አልነበረም።

ወገኖቿ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነው በመጡ በዓመቱ፣ ሙቀቱ ገና ሳይበርድ፣ ኦፊር የሚባል ጡረተኛ መምህር አንዲት አሮጌ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና እየነዳ ወደ ሱቁ መጣ። አረንጓዴ፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያ የሌላት፣ ቁመቷ ከሰው ወገብ ብዙም የማያልፍ ናት። ቤቱ አፍሪዳር ሰፈር፣ ባሕሩ አጠገብ ስለሆነ አሸዋውና ጨዋማው እርጥበት ወንበሮቿን እየበላ አስቸግሮታል። የፈለገው ከፊት መስታወቱ ሥር እስከ ወንበሮቹ ጀርባ የሚወጠር ሽፋን ነው። ዙሪያውን በጣት ሲጫኑት ጧ ብሎ በሚገጥም የብረት ቁልፍ ይያዛል። መሐሉ ላይ ደግሞ ዚፕ ይኖረዋል፤ ብቻውን ሲነዳ የራሱን ጎን ከፍቶ የሌላውን ወንበር እንደተሸፈነ እንዲተወው። የቁልፎቹ ጉጦች ድሮውኑ መኪናዋ ላይ የተተከሉ ናቸው፤ ሽፋኑ እነሱ ላይ ልክ መድረስ አለበት።

ሻሎም ሁለት ዓይነት ጨርቅ ዘረጋለት፤ አንዱ ደብዘዝ ያለ ወፍራም ሸራ፣ ሌላው የሚያብረቀርቅ ጥቁር ፕላስቲክ። ኦፊር ዳሰሰ፣ አገላበጠ፤ መወሰን ሲያቅተው ወደ ሀብትነሽ ዞረ።

«የምትሰፊው አንቺ ነሽ። አንቺ ብትሆኚ የቱን ትመርጫለሽ?»

ደነገጠች።

«ይሄን» አለች የሚያብረቀርቀውን እያሳየች። «ሲያዩት ደስ ይላል።»

ሻሎም ስለ ሸራው አንድ ነገር ሊል አፉን ሲከፍት ኦፊር ቀደመው፤ «በቃ፣ እሷ መርጣለች» አለ።

ያን ቀን ሀብትነሽ ልቧ ሞቅ ብሎ ሻሎምን «መለካቱንም ለእኔ ተወው» አለችው። በቀትር፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ሰዓት፣ ፕላስቲኩን መኪናዋ ላይ አንጥፋ በጠመኔ ምልክት አደረገች። ከዚያ ቆርጣ ሰፋችው። ሲገጠም እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጠረ። ኦፊር እጇን ጨብጦ እያመሰገናት ሄደ።

ብርዱ ሲገባ ተመልሶ መጣ። «በማለዳ አይደርስም። በዚህ በኩል ስገጥመው በዚያ ይፈናቀላል» አለ። አንዱ ቁልፍ ከነጨርቁ ተገንጥሎ በእጁ ይዞታል። ሀብትነሽ አላመነችውም። ራሷ ይዛ ሳበችው፤ እውነትም አጠረ። እኩለ ቀን ላይ መኪናዋን ፀሐይ ላይ አቁመው ሲሞክሩት ደግሞ ያለ ችግር ደረሰ። ማበድ ቀራት።

«ይሄ እንደ ሸራው አይደለም፤ ሲሞቀው ይለጠጣል፣ ሲበርደው ይሰበሰባል» አለ ሻሎም። «ላላ አድርገሽ መቁረጥ ነበረብሽ።»

«ታዲያ ያን ጊዜ አትናገርም ነበር?»

«መቼ አፍ አስከፈታችሁኝ!»

ጠርዙን ፈትታ ቅጥያ ጨመረችበት። ቅጥያው ተኮማተረ። ደግማ ስትፈታው ፕላስቲኩ በአሮጌው የመርፌ ቀዳዳ መስመር ላይ ተተረተረ። የያዘችውን መቀስ ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ወጣች።

ግቫት ጺዮን ሰፈር ካለው ቤቷ ገብታም አልበረደላትም። ልጇ ታሊያ ምን እንደሆነች ጠይቃ ከሰማች በኋላ በዕብራይስጥ «እማ፣ ጨርቅ እኮ ነው!» አለቻት።

«ዝም በይ አንቺ!» ብላ ጮኸችባት፤ ወዲያው ቆጫት። የሚያንገበግባት ጨርቁ አልነበረም። በስንት ዓመት አንድ ቀን ሐሳቧን ብትጠየቅ እሱንም አበላሸችው።

በማግሥቱ ሻሎምን «ሸራውን አውርድልኝ» አለችው።

«ለአንዲት መኪና ክረምቱን ልንጨርስ ነው?»

«አውርድልኝ አልኩህ።»

ኦፊር መኪናዋን ሱቁ በር ላይ ትቶላቸው ነበርና ገና ፀሐይ ሳይሞቅ፣ ጣቷ በብርድ እየደነዘዘ፣ ከአንዱ ጉጥ ወደ ሌላው እየተንፏቀቀች ለካች። አሁን ትንሽ ለቀቅ አድርጋ ቆርጣ ሰፋችው። ስታገጣጥመው ከኋላ ጥግ ያለችው አንዲት ቁልፍ አልገባ ብላ አውራ ጣቷን አሳበጠቻት። በመጨረሻ በመዶሻ እጀታ ስትጫናት ጧ አለች።

ኦፊር ሲመጣ ዚፑን ከፈተ፣ ገብቶ ተቀመጠ፣ ወጣና መልሶ ዘጋው። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነካካ። ሁሉም ይዘዋል።

«ቤሴደር፣ ደህና ነው» አለ። «ግን የመጀመሪያው ያምር ነበር።»

ሀብትነሽ ደሟ ፈላ።

«ማማሩን እኔም አይቻለሁ! የሚገጥመው ይሄ ነው። ውሰደው!»

ሻሎም ደንበኛ ልታሳጣው መስሎት ዓይኑን አፈጠጠባት። ኦፊር ግን ስቆ እጁን አወዛወዘላትና እየነዳ ሄደ። እሷ አልሳቀችም። ያበጠ ጣቷን በቀዝቃዛ ውኃ ነክራ ቆየች፤ ከዚያ የተበተነውን ቁርጥራጭ በእግሯ ገፍታ የጀመረችውን የታክሲ ወንበር ልብስ ልትጨርስ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች።