ለብርቱካን ሰርግ የመጣው ወይራ

ይህ የሆነው አምና በጥር፣ የታናሽ እህቴ የብርቱካን ሰርግ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን ግቢያችን ውስጥ ነው። የሰርጉን ቪዲዮ አንዴ አይቼው ሰልችቶኛል። ያንን ጠዋት ግን ማንም ሳይቀርጸው በመቅረቱ እስካሁን ይቆጨኛል።

አባታችን ካረፈ ቆይቷል። ቤቱ ውስጥ የነበርነው እማዬ፣ እኔና ብርቱካን ነን። የእማዬ ጭንቀት አንድ ብቻ ነበር፤ «ወንድ የሌለበት ቤት ስለሆነ ድግሱ ተበላሸ» እንዳይባል። ወጡ በጋዝ ይሠራ ስላት አኮረፈችኝ። አጎቴ ከአንኮበር በኩል ንፋስ የጣለውን አሮጌ ወይራ በመጋዝ አስቆራርጦ በአይሱዙ ላከልን። ጉማጆቹ የመኪና ጎማ ያካክላሉ። ወጥ ሠሪዎቹ በማግስቱ ስለሚገቡ በዚያው ቀን ተፈልጠው ማለቅ ነበረባቸው።

በሰፈራችን ለሰርግ ቤት እንጨት የሚፈልጡት የጎረቤት ወንዶች ናቸው፤ ደጋሹ ደግሞ ዳቦና ጠላ ያቀርባል። ትልቁ ስህተት የተሠራው እዚህ ላይ ነው። ሌላው ሰው እንጨቱ ካለቀ በኋላ የሚያቀርበውን፣ እማዬ «ሰሰቱብን እንዳይሉ» ብላ ቀድማ አቀረበች።

ወንዶቹ ውርጩ ሳይለቅ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ መጥረቢያቸውን ይዘው መጡ። መሪያቸው ጋሽ ዘውዴ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ሳይጠየቁ የሚመክሩ ሰው። ከጎጃም መጥቶ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ጎረቤታችን መምህር ግርማም አለ። የቀሩት እነዚህ ሁለቱ በተከራከሩ ቁጥር ራሳቸውን የሚነቀንቁ ናቸው።

በልተው ጠጥተው ሲያበቁ ተነስተው ጉማጆቹን ጎበኙ። ጋሽ ዘውዴ አንዱን በእግራቸው መታ መታ አድርገው «ይኼ ከልቡ ነው የሚመታው» አሉ።

«የለም ጋሼ፣ ከዳር ከዳሩ ነው» አለ መምህር ግርማ። ስልኩን አውጥቶም አንድ ፈረንጅ በአንድ ምት ግንድ ለሁለት ሲከፍል አሳያቸው። ሁሉም ተሰብስበው አዩት። ደግመውም አዩት።

«ያ ጥድ ነው» አሉ ጋሽ ዘውዴ። «ጥድማ እኔ ቤት ሚስቴም ትፈልጠዋለች።»

በመጨረሻ መዳፋቸው ላይ እንትፍ ብለው መጥረቢያቸውን አነሱና አንድ ጊዜ መቱ። መጥረቢያው ወይራው ውስጥ ገብቶ ቀረ። ሁሉም ተረባርበው ሲጎትቱት እጀታው ብቻ ወጣ፤ ብረቱ እዚያው ነው። መምህር ግርማ በተራው የብረት ሽብልቅ ከዳሩ ተከለና በትልቁ መዶሻ ቀጠቀጠው። እሱም ጉጥ ላይ ተቀርቅሮ አልንቀሳቀስ አለ።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ወደ ስብሰባ ተለወጠ። እንጨቱ አልደረቀም የሚል ወገንና ከልክ በላይ ደርቋል የሚል ወገን ተፈጠረ። ሁለቱም ወገኖች የተስማሙት ጠላ ይጨመር በሚለው ላይ ብቻ ነው።

እኔ እቀዳለሁ። የሰርጉ ጠላ ይጎድላል፤ እንጨቱ እንዳለ ነው። ጓዳ ስገባ እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ታለቅሳለች።

«አባታችሁ ቢኖር ይኼ ሁሉ ባልሆነ» አለችኝ።

ብርቱካንም ሰማቻት። ሹሩባ እየተሠራች ስለነበር ግማሽ ራሷ ተሠርቶ ግማሹ እንደቆመ ነው። ሙሽራ ሰርጓ ደርሶ እንኳን መዶሻ ማንኪያም አታነሳም። እሷ ግን ከሠሪዋ እጅ አምልጣ በነጠላ ጫማ ወጣች፣ መዶሻውን ከመምህር ግርማ እግር ሥር ብድግ አድርጋ ሽብልቁ ላይ አሳረፈችው። «ተይ» ለማለት የደረሰ የለም። ደገመችው። ሠለሰችው። ወይራው ጧ ብሎ ለሁለት ተከፈለና የጋሽ ዘውዴ መጥረቢያ ብረት መሬት ላይ ዱብ አለ።



«ለእሑድም ጠላ ታስተርፉልናላችሁ?» አለች ብርቱካን። ከዚያ ወደ ሹሩባዋ ተመለሰች።

መጀመሪያ የተናገሩት ጋሽ ዘውዴ ናቸው። «እኛ አላልተነው ነው እኮ» አሉ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ይሁን እንጂ ጋቢያቸውን እያወለቁ አጥሩ ላይ ጣሉ። ከዚያ በኋላ ምክር የሚባል ነገር አልተሰማም። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ፈለጡ፤ ጠላ ይዤ ስወጣ እንኳ «ይቆይ» አሉኝ። ጉጥ የበዛበት አንድ ትልቅ ጉማጅ ብቻ ቀረ። እሱን አንከባልለው አጥር ሥር ወሰዱት።

ሰርጉ አማረ። ወጡ ደረሰ፣ እማዬም ሳቀች፣ ደስታዋን ሳይ እኔም አለቀስኩ። በመልሱ ዕለት ግን ጋሽ ዘውዴ ያንን ወይራ እንዴት በአንድ ምት እንደከፈሉት ለሙሽራው ዘመዶች ሲተርኩ ሰማኋቸው። የሚተርኩት ያልተፈለጠው ጉማጅ ላይ ተቀምጠው ነው። መምህር ግርማም «ከዳሩ ነው የመታነው» እያለ ያግዛቸዋል። ልናገር አፌን ስከፍት እማዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

«ተያቸው፤ እንጨቱ ነድዷል አይደል?» አለችና ጠላ ጨመረችላቸው።

ዛሬም ታሪኩ በየለቅሶ ቤቱና በየማኅበሩ ይወራል። ብርቱካን የለችበትም። መጀመሪያ በጣም ያናድደኝ ነበር፤ አሁን ያስቀኛል። ጋሽ ዘውዴ እኛ ቤት ሲመጡ የሚቀመጡት እዚያው ጉማጅ ላይ ነው። ጉልበቴን ያመኛል እያሉ ለነፍስ አባታችን እንኳ ብድግ ማለት ይከብዳቸዋል። ብርቱካን በበሩ ስትገባ ግን ወሬያቸውን በመሃል አቋርጠው ይነሱና «ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ» ብለው ቦታውን ይለቁላታል።