የተባረረው ሾፌር

ከአዲስ አበባ በጠዋቱ አውሮፕላን ወደ ወደቡ ቢሯችን የመጣችው የኮምፒዩተር ባለሙያ ሰፊ የወንድ ሰዓት አስራለች። ስታስብ ጥርሷን በእርሳስ ቀስ እያደረገች ትመታለች።

የቢሯችን ኮምፒዩተር «አትም» በተባለ ቁጥር ድርቅ ይላል። በማሽን ያልታተመ የመውጫ ፈቃድ ደግሞ የወደቡ በር ላይ ተቀባይነት የለውም። ለፋሲካ አገራቸው ለመግባት የቸኮሉት የከባድ መኪና ሾፌሮች ጭነታቸውን አስረው በራፋችን ላይ ተኮልኩለዋል።

ሴትዮዋ አንዱን ፕሮግራም እያወጣች ሌላውን እያስገባች ብዙ ሞከረች። ድንገት ጠረጴዛውን መታች።

«አገኘሁት! ጥፋቱ የሾፌሩ ነው!»

«ይኸው! ሁልጊዜ በሾፌር!» አለ ቸሩ የሚባለው ሾፌር ከበሩ ላይ። «እኛ ኮምፒዩተሩን መቼ ነካነው፣ እህት ዓለም?»

ከት ብላ ሳቀች። «አንተን አይደለም፣ ወንድሜ። ማተሚያውን የሚነዳው ፕሮግራም በእንግሊዝኛ ስሙ «ድራይቨር»፣ ማለትም ሾፌር ነው። እዚህ የተጫነው የሌላ ማተሚያ ሾፌር ነው፤ የእኛን መንዳት አይችልም።»

«እንግዲያ መንጃ ፈቃዱን ቀሚው!»

«አባርሬዋለሁ» አለችና ትክክለኛውን ከዲስኬት ጫነች። ማተሚያው እየጮኸ የመጀመሪያውን ፈቃድ ሲተፋ ሾፌሮቹ በጭብጨባና በፉጨት ቢሮውን አናጉት።

«ነይ፣ ለፋሲካ ቤትሽ እናድርስሽ» አላት ቸሩ።

«እኔን የሚጠብቅ የለም» አለች፣ ሳቋ ገና ከፊቷ ሳይጠፋ። «እናንተ ግን ፍጠኑ፤ ልጆቻችሁ በር በር እያዩ ነው።»

መኪናዎቹ ጡሩምባቸውን እየነፉ በመስኮቱ ሥር ሲያልፉ፣ ወንበር ላይ ወጥታ እንደ ትራፊክ ፖሊስ እጇን እያወናጨፈች አንድ በአንድ አሳለፈቻቸው።