ወለላ የምትባል ከተማ

ሰሞኑን የጎረቤቴ ልጅ ሜላት ስልኳን እንደያዘች በሬን አንኳኳች። ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ልብ ወለድ መጻፍ ጀምራለች። «እትዬ ሰናይት፣ አንዴ ላስቸግርዎት። ለታሪኬ የከተማ ስም አጣሁ። ማለቴ፣ የሌለ ከተማ። በቃ፣ እርስዎ መጽሐፍ ያነባሉ ብዬ ነው» አለችኝ። ራሷ እንድትፈልግ ነግሬ ሸኘኋት። ትንሽ የተቀየመችኝ መሰለኝ። በሩን ከዘጋሁ በኋላ ግን የቀዳሁት ሻይ እስኪቀዘቅዝ ቆሜ ቀረሁ። እኔም አንድ ጊዜ ለሌለች ከተማ ስም አውጥቻለሁ።

ካዛንቺስ፣ እትዬ አልማዝ ቤት የገባሁት በአሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ልጆቻቸውን እንዳጫውት፣ ከፍ ስል ደግሞ ወጥ እንድሠራ ነበር ከገጠር ያስመጡኝ። በመጀመሪያው ቀን ስሜን ጠየቁኝ።

«ወለላ» አልኳቸው።

«ወለላ…» አሉና ትንሽ አሰቡ። «ልጆቹ ሰናይት ማለት ለምደዋል። አንቺንም ሰናይት እንበልሽ፤ ምን ቸገረሽ?»

ሰናይት ከእኔ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ናት። ከሄደች ሳምንት እንኳ አልሞላትም፤ ያለቀ ነጠላ ጫማዋ ገና ከበሩ ሥር ነበር። የጊዜው ልማድ ነው። በሰፈራችን እናቷ ባወጣችላት ስም የምትጠራ ሠራተኛ ብርቅ ነበረች፤ እንደ ክፋት የሚቆጥረውም አልነበረም። ያቺ ልጅ ሰናይትነቷን ከቤቷ ይዛ መጥታ ይሁን እዚሁ ተሰጥቷት አላውቅም።

እትዬ አልማዝ ክፉ ሴት አልነበሩም። ይህን የምጽፈው ለይሉኝታ ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው። ካደግሁ በኋላ ቂርቆስ አካባቢ ወደነበረ የማታ ትምህርት ቤት ወስደው ያስመዘገቡኝ እሳቸው ናቸው። በየዓመቱ ደብተርና እስክሪብቶ ይገዙልኝ ነበር። መዝጋቢው «ስም?» ሲል ቀድመው «ሰናይት» ብለው የመለሱለትም እሳቸው ናቸው። መዝገብ ላይ ሰፈረ፤ በዚያው ጸና።

ስምንተኛ ክፍል ስደርስ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። የአማርኛ መምህራችን ለዓመቱ መዝጊያ በወላጆች ፊት የሚነበብ ታሪክ እንድንጽፍ አዘዙን። እኔ የጻፍኩት አውቶቡስ ለምሳ በሚቆምባት ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ ከሚወርዱት መንገደኞች መካከል የሚያውቃት ሰው በየቀኑ ስለምትፈልግ ልጅ ነው። ታሪኩ በሦስት ቀን አለቀ። የከተማዋ ስም ግን ወር ፈጀብኝ። መምህሩ «በእውነተኛ ከተማ አትጻፉ፤ የአገሩ ሰው ይቀየማል» ብለውናል። በሳሙና ካርቶን ጀርባ ስም እጽፋለሁ፣ እሰርዛለሁ። አንዱ የደብር ስም ይመስላል፤ ሌላው የመድኃኒት። ያኔም እንዲህ ነበርኩ፤ አንድ ቃል ካልተስማማኝ ሽንኩርት ስከትፍም አይለቀኝም።

አንድ ቀን ጎመንና ቲማቲም በዘንቢል ይዤ ስታዲየም ታክሲ ስጠብቅ መለኪያዬን አገኘሁ። «ካዛንቺስ! ካዛንቺስ! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል ወያላው። ወያላ ሊጮህበት የማይችል ስም የከተማ ስም አይሆንም፣ አልኩ በልቤ። ካርቶኑ ላይ ያሉትን አንድ በአንድ በከንፈሬ ሞከርኳቸው። አንዳቸውም ለጩኸት አልሆኑም። ከዚያ፣ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ፣ «ወለላ! ወለላ! አንድ ሰው የቀረው!» አልኩ። ለካ ድምፄ ወጥቷል።

«እህት፣ የወለላ ታክሲ ተበላሽቷል፤ ቡልጋሪያ ማዞሪያ ከሆንሽ ግቢ!» አለኝ አንዱ ወያላ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ያ ስም ከአፌ ሲወጣ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነበር።

ጻፍኩት። ስጽፈውም ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ስሜ ወለላ ነው ብዬ የነገርኩት ሰው አንድ ነው፤ እሳቸውም በዓሉ ላይ ይመጣሉ። ይሰሙታል፤ ይደነግጣሉ። ይቅርታ አልጠበቅሁም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቤት ስንገባ እንኳ፣ «ወለላ» እንዲሉኝ ነበር የፈለግሁት።

በዓሉ እሑድ ከሰዓት ነበር። ውጭ ያካፋል፤ ክፍሉ እርጥብ ካፖርት ይሸታል። እትዬ አልማዝ የክት ነጠላቸውን ለብሰው ከፊት ተቀመጡ። ስሙ በታሪኩ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ይመጣል፤ ቆጥሬዋለሁ። በመጣ ቁጥር ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸው ፈገግ ብለው ያዩኛል፤ አጠገባቸው ላለችው ሴትም በክርናቸው ነካ አድርገው ያሳዩኛል፤ የኛ ናት እንደማለት። መጨረሻ ላይ ከሁሉም በላይ ያጨበጨቡት እሳቸው ናቸው።

ወደ ቤት ስንመለስ የዓመቱን የመጀመሪያ የተጠበሰ በቆሎ ገዝተው ለሁለት ሰብረው ትልቁን ሰጡኝ።

«አንቺ! እንዲህ ትጽፊያለሽ እንዴ? ያቺ ሴትዮ'ኮ ዕንባዋ መጣ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ።»

«የከተማዋ ስምስ! ወለላ… ደስ የሚል ስም ነው። ከየት አመጣሽው?»

ፊታቸውን አየሁት። የሚደብቁት ነገር አልነበረም። የምራቸውን ነበር የሚጠይቁኝ። ለመናገር አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር፤ በቆሎውም ገና አፌ አልገባም።

«ዝም ብዬ የፈጠርኩት ነው» አልኳቸው።

«ጎሽ፣ የኔ ልጅ። የእውነት ቢሆን ሰው ይቀየም ነበር።»

ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ኖረናል፤ በመጨረሻም ያስታመምኳቸው እኔ ነኝ። ልነግራቸው የምችልበት ስንትና ስንት ቀን አለፈ። «ውይ፣ እውነትሽን ነው? ረስቼው!» ብለው እንዳይስቁ ፈራሁ። የወሰደብሽን የሚያውቅ ሰው ቢሆን ትጣይዋለሽ፣ ትታረቂዋለሽ። መውሰዱንም የረሳውን ሰው ምን ታደርጊዋለሽ? እኔ ሳስታምም ኖርኩ።

ባለፈው ወር መታወቂያ ላሳድስ ሄጄ ነበር። ትሑት የሆነች ልጅ ናት ያስተናገደችኝ። ስሜን ከኮምፒውተሩ አነበበችልኝና «ሌላ የሚጠሩበት ስም አለዎት፣ እናቴ?» አለችኝ። እጇን ኪቦርዱ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ። ከኋላዬ ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ግን የሚያጣድፈኝ አልነበረም።

«የለኝም» አልኳት።