የነቀልኩት ገመድ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ፆም በመጣ ቁጥር ሐሜቴን፣ ቂሜን፣ ጎረቤት ማስቀየሜን ሁሉ እዘረግፍላቸውና እዚች ላይ ስደርስ ዘልያት አልፋለሁ። "ሌላስ?" ይሉኛል። "ሌላ የለም፣ አባ" እላለሁ። አለ እንጂ! በመሠረተ ትምህርት በለቀምኳት ፊደል እየተንፏቀቅሁ ለእናንተ ለማታውቁኝ ልጻፈው። ፊቴን ስለማታዩት ይቀለኝ ይሆናል።

በልጄ ላይ ክፉ ሠርቻለሁ። ልጄ በሕይወት አለ፤ ከግድግዳው ወዲያ ሲያስል እየሰማሁት ነው የምጽፈው።

እኔ እዚህ ጎንደር፣ በሰፈራችን፣ ለብዙ ዘመን የቦኖ ውሃ ተራ አስከባሪ ነበርኩ። ውሃ እንደ እንግዳ ብቅ ብሎ በሚጠፋበት ሰፈር ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። የቄስ ሚስት ሆነች የሹም ሚስት፣ ወይም የገዛ እህቴ፣ ጀሪካኗ በቆመበት ቦታ ትቀዳለች። "ለዚች ሴትዮ መልአከ ሞት ቢመጣባት 'ጀሪካንህ የታለ?' ትለዋለች" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኔም በስድባቸው እኮራ ነበር።

ልጄ አስማማው ኦርጋን ተጫዋች ነው። ከትክል ድንጋይ እስከ ኮሶዬ ያለ እሱ ሰርግ አይደምቅም ነበር። ኋላ ስኳር ያዘውና በሽታው ከእግሩ ጀምሮ ወደ ጣቶቹ መጣ። ይደነዝዙ ጀመር። "እማማ፣ ቁልፉን ስነካው የሌላ ሰው ጣት የሚነካልኝ ይመስለኛል" አለኝ እየሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

የእሱ ልጅ ብርቱካን ያን ጊዜ ኮምፒውተር ትማር ነበር። የአባቷን ዜማዎች ጣቶቹ ሳይከዱት ኮምፒውተር ውስጥ ላስገባ አለች። "ምነው፣ በስልክ አትቀጂውም?" አልኳት።

"ስልክ ድምፁን ነው የሚይዝ። እኔ የምፈልገው ጣቱን ነው።"

ከኦርጋኑ ጀርባ በሚወጣ ገመድ፣ ሚዲ ይሉታል፣ መልእክት ይመጣል አለችኝ፤ የትኛው ቁልፍ እንደተነካ፣ በምን ያህል ጉልበት እንደተነካ፣ መቼ እንደተለቀቀ። ያን የያዘ ኮምፒውተር አስማማው ባይኖርም ኦርጋኑን እንደ አስማማው ያስጫውተዋል። ይህን ስሰማ ገላዬን ቀፈፈኝ። እጁ ከሰውየው ቀድሞ ሊቀበር የተዘጋጀ መሰለኝ።

ችግሩ ኮምፒውተራችን አሮጌ መሆኑ ነው። ሌላ ሥራ ከያዘ የሚመጣለትን መልእክት ይጥላል። ሰው የሠራው ፕሮግራም ሁሉ ተሞክሮ አልሆነም፤ ስለዚህ ብርቱካን የራሷን መጻፍ ጀመረች። ክረምቱን ሙሉ ስትጽፍ ስታፈርስ ከረመች። አንዳንዴ ከኮምፒውተሩ አንድ ድምፅ ይነሳና አልቆም ይላል፤ ቀጭን፣ የማይተነፍስ ድምፅ።

"ምን ሆነ ደግሞ?" እላለሁ።

"ጣት ወረደ የሚለውን ሰምቷል፣ እማማ። ተነሳ የሚለው ግን ጠፍቶበታል። እስከ ምጽአት ቢሆን ጣቱ ቁልፉ ላይ እንዳለ ነው የሚያስበው።"

እንዲገባኝ ብላ በቦኖው አስረዳችኝ። "አንቺ ጀሪካን ትቀበያለሽ፣ በተራ ትደረድሪያለሽ እንጂ አትቀጂም። የሚቀዳው ሌላ ነው። አንቺው ልቅዳ ብትይ ከኋላሽ ተራው ይደፈርሳል። የእኔም ፕሮግራም አንዱ ክፍል በር ላይ ቆሞ ይቀበላል፤ ሌላ ሥራ የለውም። ሌላው ክፍል በኋላ ቀስ ብሎ ያነበዋል።" እንዲያ አድርጋ ሠራችው። ኮምፒውተሩን በሌላ ሥራ እያስጨነቀች፣ ቁልፎቹን በክርኗ ሁሉ እየደፈቀች ሞከረችው፤ አንዲት አልጣለም። "ሸጋ ሆነ!" ብላ አንገቴን አቀፈችኝ። ቀጥላም "በሩ ላይ ተቀባይ ከሌለ ግን የመጣው ቆሞ አይጠብቅም፤ አለፈ ማለት አለፈ ነው" አለችኝ። ነግራኛለች። አልሰማሁም አልልም።

አንድ ቀን አስማማው "ዛሬ ጣቶቼ ይሰሙኛል" ብሎ ተነሳ። ራሱ የደረሳትን የሙሽራ መሸኛ ሊጫወት ነው፤ ከዜማዎቹ ሁሉ የሚወዳትን። ኦርጋኑ ሳሎን ነበር። ኮምፒውተሩ ስለሚጮህ የእኔ መኝታ ቤት አስቀመጥነውና ገመዱ በበሩ ሥር አለፈ። ብርቱካን ከአባቷ አጠገብ ልትቀመጥ ሆነ። "እማማ፣ አደራ፤ ማንም እንዳይነካው" አለችኝ።

"በእኔ በኩል ማን ያልፋል?" አልኳት።

በእኔ በኩል ያለፍኩት እኔ ነኝ።

ኮምፒውተሩ የሁለት ልጆች ነበር። አንዷ ብርቱካን ናት፤ ሌላዋ የሟች ሴት ልጄ ልጅ ሰናይት፣ አባቷም የሞተባት። ጠዋት የብርቱካን፣ ከሰዓት የሰናይት ብዬ ቀኑን የከፈልኩት እኔ ነበርኩ። አስማማው ዜማውን ሳይጨርስ ሰዓቱ አለፈ። ሰናይት ለአስተማሪዋ የምትልከው የቤት ሥራ ነበራትና በበሩ ብቅ አለች።

"ግቢ፣ ተራሽ ነው" አልኳት።

"አያ አስማማው እየተጫወተ አይደል? ይጨርስ። እኔ አልቸኩልም።"

ልብ አድርጉልኝ፤ ልጅቱ ተራዋን ለቃ ነበር። የለቀቀችውን በግድ ያስያዝኳት እኔ ነኝ። አባት ያላት ሁልጊዜ ትቅደም? አባት የሌላት ሁልጊዜ በር ላይ ትቁም? ይህን ነበር የማስበው። ፍርድ መስሎኝ ነበር። ውሃ ዛሬ ያልደረሳት ነገ ይደርሳታል፤ ለአስማማው ጣት ግን ነገ የሚባል ተራ እንደሌለ አላወቅሁም? አውቅ ነበር። ማወቅ ስላልፈለግሁ ነው ተራ ተራ ነው ያልኩት።

ሰናይት የብርቱካንን ፕሮግራም ሳትዘጋ ኢንተርኔቱን ከፈተች። ገጹ አልመጣም። ኮምፒውተሩ አቃሰተ። እኔ በልቤ፣ ከሳሎን የሚመጣው ነው ያጨናነቀው፤ ቧንቧውን ለአፍታ ልዝጋው አልኩ። ቧንቧ ሲዘጋ ውሃው የት ይሄዳል? እዚያው ቧንቧው ውስጥ ይጠብቃል። እጄን ሰደድኩና የኦርጋኑን ገመድ ክብ መሰኪያ ነቀልኩት።

እኔ ነቀልኩት። በዚህ እጄ።

ሳሎን ውስጥ ዜማው ቀጠለ። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። ዘግቼዋለሁ፤ እየፈሰሰ ነው፤ ከሥሩ ጀሪካን የለም። "እማማ፣ መልሺው!" አለች ሰናይት በሹክሹክታ። መለስኩት። ጥቂት እስትንፋስ ያህል ቢሆን ነው። ከዚያ ልጅቱን አገጯን ይዤ "አላየሽም" አልኳት።

አስማማው ሲጨርስ ላቡን ጠርጎ እየሳቀ ገባ። ብርቱካን የተያዘውን ከፈተችለት። ዜማው በሸጋ ወጣ፣ መሐል ላይ ደረሰ፣ ተንገዳገደ፣ ጥቂት ድምፆች ጎደሉ፤ ከዚያ አንዲት ድምፅ ተነስታ አልወርድ አለች። ቀሪው ዜማ ሁሉ እሷ ሥር ሆኖ እንደሚታነቅ ሰው ተንፈራፈረ። ምን እንደሆነች ከሁሉም ቀድሜ አወቅሁ።

አስማማው ቀኝ እጁን ገልብጦ አየው። "ጣቴ ሳትነሳ ቀርታለች" አለ። "ስጫወት ልክ መስሎኝ ነበር። ለካ ጆሮዬም ይዋሸኛል።"

"አባዬ፣ አጠገብህ ነበርኩ እኮ! ልክ ነው የተጫወትከው። የጣለው የእኔ ፕሮግራም ነው።"

"አይ ብርቱ፣ ማጽናናት ታውቂበታለሽ።"

ወደ እኔ ዞረች። "እማማ፣ የነካው ሰው ነበር?"

"ማን ይነካዋል!" አልኩ። ተቆጥቼ ነው ያልኩት። ሰናይት መሬት መሬት ታይ ነበር።

አስማማው ከዚያ ቀን በኋላ ኦርጋን ነክቶ አያውቅም። ልጁ ድገመው ብትለው፣ ብታለቅስ፣ "ሰው ሰርግ ላይ ከምዋረድ ቤቴ ተዋረድኩ፤ ይበቃል" አላት። ብርቱካን የሌለ ስህተት ፍለጋ ገባች። የጻፈችውን እየፈታች መልሳ ትቋጥራለች፤ ስትሞክረው ምንም አይጥልም፤ ያን ቀን ለምን እንደጣለ አታገኘውም። አጠገቧ ተቀምጬ "በቃ ተይው" እላት ነበር። አስቡት እስቲ፤ ስህተቱ አጠገቧ ተቀምጦ ተይው ይላታል! አሁን ትምህርቷን ጨርሳለች። ፕሮግራም ጻፊ የሚሏት ቦታ ግን አትሄድም። "የእኔ ሥራ አይታመንም" ትላለች። ሰናይትም አድጋለች፤ አጎቷ ባለበት ማዕድ ቀና ብላ አትበላም።

ባለፈው እሑድ አስማማው ምድጃ ነክቶ ጣቱ ተቃጠለ። የሥጋው ሽታ ነው የነገረን እንጂ እሱ አልተሰማውም። እጁን ከጠቀለልንለት በኋላ ብርቱካንን ያቺን ዜማ ክፈቺልኝ አላት። ያቺ ድምፅ ተነሳች። እስከ መጨረሻው ሰማትና የተጠቀለለችውን ጣቱን አነሳ። "የሞተችው እዚህ ጋ ነው" አለ።

አልሞተችም ነበር። ያን ቀን ጣቱ ተነስታ ነበር። ይህን ብነግረው የዚያን ቀን እጁን እመልስለታለሁ፤ በዚያው አፌ ደግሞ ገና በሕይወት ያለች እጅ ጠቅልለህ አስቀመጥክ፣ ልትጫወት የምትችልበትን ጊዜ በከንቱ ቀበርከው ማለቴ ነው። ዝም ያልኩት ለእሱ አዝኜ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። ውሸት ነው። ተራ አስከባሪዋ ተራ አዛባች እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው።

አሁን ሳሉ ቆሟል፤ ነቅቷል። ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ እገባለሁ። ተራውን ሠርቼዋለሁ። መጀመሪያ አስማማው ይስማ፤ እጁ ናት። ቀጥሎ ብርቱካን፤ ሥራዋ አንዲት እንዳልጣለ ትወቅ። ከዚያ ሰናይት፤ አይተሻል እላታለሁ። ነፍስ አባቴ ከእነሱ በኋላ ይደርሳቸዋል። ይቅርታ የሚባል ነገር ከመጣ የእኔ ጀሪካን ከሁሉም ኋላ ይቁም። ሳይደርሰኝ ቢቋረጥም አልጮህም።