ጄኔራሉ ስልክ ያነሳበት ቀን

አክስቴ ስትናደድ ድምፅዋ ይወርዳል። ዕድሜዋን ሙሉ ስልክ ማዞሪያ ላይ ስለሠራች፣ መጮህ የጀማሪ ነው ትላለች። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንታችን ነገር ሲነሣ ታዲያ ጭራሽ ወደ ሹክሹክታ ትወርዳለች፤ እኛም ወንበራችንን እየጎተትን እንጠጋታለን።

ንጉሡ ሲወርዱ እሷ የቤተ መንግሥቱ ምድር ቤት ውስጥ ነበረች። ክፍሏ መስኮት የለውም። ገመድና መሰኪያ የሞላበት ትልቅ ጥቁር ሰሌዳ፣ ከፊቱ አንድ የተንሻፈፈ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ከቤት ያመጣችው ትራስ፤ በቃ ይኸው ነው። ላይኛው ፎቅ ላይ ማንም ይቀመጥ ማን፣ የሚደወለው ሁሉ በእሷ እጅ ያልፋል። ሹማምንቱ ለቀልድ "እሜቴ ማዞሪያ" አሏት፤ ስሟ ሆኖ ቀረ።

ሪፐብሊክ ሲታወጅ እንደ ሰው ሁሉ ጎዳና ወጥታ ጨፍራለች። ጫማዋ ተበጥሶ በባዶ እግሯ ነው ቤት የገባችው። ታናሽ ወንድሟ፣ አባቴ ማለት ነው፣ የባቡር ጋራዥ መካኒክ ነበር፤ እሱም በጓደኞቹ ትከሻ ላይ ሆኖ እየዘፈነ ሲያልፍ አይታዋለች። ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት ሰው የታሪክ መምህር ነበሩ፤ በንጉሡ ጊዜ ታስረው ከርመዋል። አባቴንና ብዙዎቹን ጓደኞቹን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ሥልጣን በያዙ ማግስት ምድር ቤት ድረስ ወርደው አክስቴን ጨበጧት።

"ልጄ፣ ከእንግዲህ ይህ ስልክ የሕዝብ ነው" አሏት።

"እኔም እንደ ሞኝ አመንኩ" ትላለች።

ከዚያ መከራው ጀመረ። የወደቡ አስተዳዳሪ "እኛ ከዋና ከተማ ትእዛዝ መቀበል ትተናል" ብሎ ፕሬዚዳንቱ ጆሮ ላይ ይዘጋል። ሚኒስትሮቹ አንዱ ሌላውን ሊያስባርር ሲደውል ይውላል። ወንዝ ሞልቶ ሰፈር ሲወስድ ፕሬዚዳንቱ ጀልባና ወታደር ፈልገው የጦር አዛዡን ጄኔራል አስደወሉ። "ጄኔራሉ ገላቸውን እየታጠቡ ነው" ተባለ። ሆስፒታሉ መብራት ሲጠፋበት የጦሩን ጄኔሬተር ሊለምኑ አስደወሉ። ጄኔራሉ አሁንም ገላውን እየታጠበ ነው።

"ይህን ያህል የታጠበ ሰው ቆዳው ባለቀ ነበር" ትላለች አክስቴ። እሷ ጄኔራሉን አንቱ ብላ አታውቅም።

ያኔ ለፕሬዚዳንቱ አንጀቷ ያርር ነበር። ከወዲያ በኩል ከተዘጋ በኋላ እጀታውን ይዘው ሲተነፍሱ ትሰማቸዋለች። ቤት ስትገባም አባቴን "ሰውዬውን ብቻቸውን ጣሏቸው እኮ፣ እነዚህ ውሾች!" ትለዋለች።

ነገሩን የገለበጠው የባቡሩ ሥራ አስኪያጅ ነው። ሰውዬው ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ያለ ነው፤ ፍሬን የማይዝ ፉርጎ በግድ አስነሥቶ ሠራተኛ አስጨርሷል። ሪፐብሊኩ ሲመጣ ይህ ሰው መቼም ይነሣል ብሎ ሠራተኛው ጠበቀ። አልተነሣም። ሥራውን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም ተባለ። እውነቱ ግን የጄኔራሉ አማች መሆኑ ነው። እነ አባቴ መምህራቸው ደጅ ድረስ ሄደው ለመኑ፤ "ታገሡ" ተባሉ። ታገሡ። በመጨረሻ ሥራ አቁመው ጋራዡ ውስጥ ቁጭ አሉ። ባቡር ቆመ፣ ዱቄት ወደብ ላይ ቀረ፣ አያቴ ሳትቀር ዳቦ ቤት ደጅ መሰለፍ ጀመረች።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ፕሬዚዳንቱ "ጄኔራሉን አገናኚኝ" አሏት። የተለመደውን መልስ እየጠበቀች ገመዱን ሰካች። ገና አንዴ ከመጥራቱ ጄኔራሉ ራሱ አነሳ!

ጠልፎ ማዳመጥ ክልክል ነው። አዳመጠች።

"ጋራዡን ያስለቅቁልኝ" አሉ ፕሬዚዳንቱ።

"እንዴት አድርጌ ላስለቅቅ?"

"እሱን ለእርስዎ ትቻለሁ።"

"እንዲህ ሲያዙኝ ነው ደስ የሚለኝ፣ ክቡርነትዎ" አለ ጄኔራሉ።

አክስቴ ገመዱን ነቀለችው። ማዳመጫውን ወርውራ፣ እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ደረጃውን ወጣች። ዘበኛው "ወዴት ነው እሜቴ?" ሲላት በክርኗ ገፍታው ገባች።

ፕሬዚዳንቱ እጀታውን እንደያዙ ነበሩ። "መስመሩ ተቋረጠ" አሉ።

"እኔ ነኝ የነቀልኩት። ወንድሜ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። እርስዎ ያስተማሩት ልጅ!"

"አውቃለሁ" አሉ። "ግን ልጄ፣ ከተማው እየተራበ ነው። ወደቡ ሊገነጠል ነው። ጦሩ አይታዘዘኝም። ዛሬ አንድ ትእዛዝ እንኳ ቢፈጸምልኝ..."

"ወንዙ ሰው ሲወስድ ለምን አልታዘዘም? ዛሬ ቶሎ ያነሳው ለእርስዎ ብሎ ነው? ለአማቹ ብሎ ነው እንጂ! 'ለእርስዎ ትቻለሁ' ይሉታል? የተዉለት እኮ ሰው ነው!"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ሌላ መንገድ ካለሽ ንገሪኝ።"

"ሥራ አስኪያጁን ያባርሩት! ሄደው ጋራዡ በር ላይ ይቁሙ! እርስዎ ከፊት ከቆሙ ማን ደፍሮ ይገባል?"

የወንበሩን መደገፊያ ጨበጥ አደረጉ። ሊነሡ ነው ብላ ነበር። በዚህ መሀል የጽሕፈት ቤት ኃላፊያቸው ገብቶ "ጦሩ ከካምፑ ወጥቷል" አለ። እጃቸውን መልሰው ጭናቸው ላይ አኖሩት።

አክስቴ እስከ ጋራዡ ድረስ ሮጠች። በሩ ተገንጥሏል፤ መሬቱ ላይ ቆብና መፍቻ ተበትኗል፤ የፈሰሰው ዘይት ይሁን ደም አይለይም። በሕይወት ያልወጡ ነበሩ። አባቴን ጭነት መኪና ላይ ተጭኖ አየችው፤ ቀኝ እጁ በሰደፍ ተቀጥቅጦ ተንጠልጥሏል። ከእስር ሲፈታ መፍቻ መጨበጥ የማይችል መካኒክ ሆኖ ነው የመጣው።

እሷን በማግስቱ አባረሯት። ሥራ አስኪያጁ ወንበሩ ላይ ቀረ። ዓመት ሳይሞላ ጄኔራሉ ቤተ መንግሥት ገባ፤ ለፕሬዚዳንቱ ማንም ወጥቶ "ለምን?" ያለላቸው የለም። ሊቆምላቸው የሚችለውን ሰው ጋራዡ ውስጥ አስቀጥቅጠውታል!

አክስቴ ሆቴል ማዞሪያ ላይ ሥራ አገኘች፤ ጡረታ እስክትወጣም እዚያው ሠራች። ፕሬዚዳንቱ ከቤታቸው እንዳይወጡ ተደርገው ኖረው አረጁ፤ ባለፈው ዓመት ሞቱ። አባቴ ቀብር ልሂድ ብሎ ሸሚዝ ሲለብስ ደረሰችበት።

"ምን ልትሠራ?"

"አስተማሪዬ ነበሩ እኮ፣ እታለም። ደግ ሰው ነበሩ። ጊዜው ከበዳቸው።"

"ከበዳቸውና እናንተ ላይ ጣሉት!" ድምፅዋ የማይሰማ ሆኗል። "ደግ ነበሩ አትበለኝ። ደግነታቸውን ስፈልገው አየሁት፤ ቁጭ ብሎ ነበር!"

አባቴ የኮሌታውን ቁልፍ በግራ እጁ ይታገላል፤ ያመልጠዋል፣ ደግሞ ይታገላል። እያየችው ቆየች። ከዚያ እጁን ገፋ አድርጋ፣ እየተሳደበች ቆለፈችለት።

እሷ ግን አልሄደችም።